የታላቅ ወንድም ጠመንጃ

ባሌን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው «ክፈተው» በሚል ነው። ለፌዝ የወጣ ስም ስለሆነ እኔ በዚያ ስም የምጠራው ስናደድ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ ስንት ጊዜ እንደምናደድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ጠመንጃ ይዞ በሱቁ በር የገባ ሰው፣ ዘበኛም ይሁን ባለሀብት፣ ገና «እንደምን ዋልክ» ሳይል የሚሰማው «ክፈተው» የሚለውን ቃል ነው። ጠመንጃው ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ ባሌ በሁለቱ ቀዳዳዎች አጮልቆ ያያል፣ ማየቱ አልበቃ ብሎት ትንሽ ጣቱን ይሰድዳል፤ ሰላምታ የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው። «ባዶ ነው እኮ፣ አሁን ከቤት ስወጣ አይቼዋለሁ» ካሉት፣ «አንተ አየኸው እንጂ እኔ መች አየሁት» ይላል። አንድ ቀን አንድ ቦርጫም ነጋዴ ሊጣላው ደረሰ። «እኔን ውሸታም ልታደርገኝ ነው?» እያለ፣ እየተንጨረጨረ ሲከፍተው ሁለት ጥይት ዱብ ዱብ ብለው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ነጋዴው ጥይቶቹን አየ፣ ባሌን አየ፣ እኔን አየና «የሚስቴ ወንድም ነው ያጎረሰው» አለ። ምስኪን የሚስት ወንድም፣ የማይላከክበት ነገር የለም።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። በአንድ ጎኑ ጎሚስታ፣ በሌላው ጎኑ መስታወት ቆራጭ። እኔ በሩ አጠገብ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፤ ስለዚህ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን እንጂ ሰው የነገረኝን አይደለም። እሱ ከኋላ ሞርሳው ፊት ይቆማል። ከእግሩ ሥር ከጎሚስታው ለምኖ ያመጣው የመኪና ጎማ ቁራጭ ተነጥፏል። አሮጌ ጠመንጃ ሲመጣለት ባዶነቱን ካየ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው የጠመንጃውን የራሱን መዶሻዎች ወደ ኋላ ስቦ ሰደፉን እዚያ ጎማ ላይ ደጋግሞ መምታት ነው። ጀርባውንም በእንጨት ይቀጠቅጠዋል። መዶሻው ካለበት ንቅንቅ ካላለ «ጤነኛ ነው» ይላል። ቀጭ ብሎ ከወደቀ ግን ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ ጠፍሮ ያስረዋል፤ ባለቤቱ ቢለምን ቢሳደብ ሳይጠግነው አይመልስለትም።

የእኛ ከተማ የአደን ጠመንጃ መቼም ከአያት የወረደ አሮጌ ነው። ከኋላው እንደ ጆሮ የቆሙ ሁለት መዶሻዎች አሉት። መዶሻውን እስከ መጨረሻው ከሳቡት ለመተኮስ ይዘጋጃል። ግማሽ ድረስ ከሳቡት ደግሞ አንዲት የብረት ጥርስ ትይዘውና ጥይቱን የሚወጋውን መርፌ ሳይነካ ይቆማል። ጥርሷ ግን በዕድሜ ብዛት ትበላለች። ግማሽ ላይ አልቆም ሲላቸው ሰዎቹ መዶሻውን ቀስ አድርገው እስከ ታች ያወርዱትና «ተኝቷል» ይላሉ። ባሌን እንደዚህ ቃል የሚያሳብደው ነገር አልነበረም። «ምኑ ነው የተኛው? መዶሻው መርፌው ላይ ተጋድሟል፣ መርፌው የጥይቱ ቂጥ ላይ ተጋድሟል። ከዚህ በኋላ ምላጭ መሳብ አያስፈልገውም፤ ቢወድቅ ይባርቃል፣ በር ቢመታው ይባርቃል፣ ድመት ብትዘልበት ይባርቃል። ሥራህን ስትጨርስ ጥይቱን አውጣና ኪስህ ክተት፣ ጠመንጃውን እንደ ተከፈተ ተሸክመህ ግባ፣ ግድግዳ ላይ አታስደግፈው። ሌላ ጥበብ የለውም» ይላል። ይህን ስብከቱን ከመስማቴ ብዛት በእንቅልፌ ሁሉ እደግመዋለሁ።

ማን ሊሰማው። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የመጋዘንና የእርሻ ዘበኞች ናቸው፤ በዘበኞች ዘንድ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ከጠመንጃ ጥይት የሚወጣው ዘበኛ ሲባረር ነው። አለቃው «አሰናብቼሃለሁ» አይልም፤ «ጥይትህን አውጣ» ነው የሚለው። ዘበኛው በሰው ፊት ጠመንጃውን ይከፍትና ሁለቱን ጥይት አለቃው መዳፍ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዘበኛ ተረኛነቱን ጨርሶ ሲወጣ ጥይት አያወጣም፣ ቤቱ ሲገባም አያወጣም፣ ከሚስቱ ጎን ሲተኛም አያወጣም። እንኳን ራሱ ሊያወጣ፣ ባሌ «ክፈተው» ሲለው የተባረረ ይመስለዋል። ስም አውጥተው የሳቁበት ስለዚህ ነው፤ ሰው በሚፈራው ነገር ካልሳቀ መድረሻ የለውም።

ከዘበኞቹ ሁሉ ግትሩ ማን ነው ቢባል የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ እንለዋለን። አባታቸው ሁለቱም ልጆች ሳሉ ሞቶ ባሌን ያሳደገው ጋሼ ነው። ራሱ ትምህርቱን ትቶ፣ የሰው ዕቃ ተሸክሞ፣ ታናሹን ሙያ አስያዘው። ባሌ ለዚህ ሰው ያለው ፍቅር ልክ አልነበረውም። ጋሼ ሱቅ ብቅ ካለ ሥራ ይቆማል፣ ወንበር ይወለወላል፣ እኔ ሻይ ላመጣ እሮጣለሁ። አንዳንዴ «እኔ ብመጣ እንዲህ ትነሣልኛለህ?» እለዋለሁ። «አንቺ መች ሄደሽ ታውቂያለሽ» ይላል። ጋሼም በበኩሉ በታናሹ ነው የሚመካው፤ «የእኔ ወንድም እኮ ብረት ያናግራል» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

አባትየው ለሁለቱ ጥሎላቸው የሞተው ነገር ቢኖር ያ ጠመንጃ ነው። ጋሼ የፍራፍሬ እርሻው መጋዘን ላይ ዘበኛ የሆነውም በእሱ ነው፤ እርሻው የራሱን ጠመንጃ ይዞ ያልመጣ ዘበኛ አይቀጥርም። ጠመንጃው ግን ጥርሱ ረግፏል። የግራው መዶሻ ግማሽ ላይ ፈጽሞ አይቆምም፣ የቀኙ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። ባሌ ብረት ጨምሮ ጥርስ ሊያወጣለት አሰበና ሲመረምረው ብረቱ ስለሳሳ ብየዳ እንደማይችል አየ። ሌላ መዶሻ እንዳይገጥምለት የዚያ ዓይነት መለዋወጫ ከጠፋ ቆይቷል። «ጋሼ፣ ይሄ ጠመንጃ ጡረታ ይውጣ» አለው። ጋሼ ሳቀና «እሱ ጡረታ ከወጣ እኔስ የት ልግባ?» አለ። እውነቱን ነው። «እንግዲያውስ ቤት ስትገባ ጥይቱን አውጣው» ሲለው ግን የጋሼ ፊት ተለወጠ። «አንተም ልታባርረኝ ነው?» አለው። ባሌ ከዚያ ወዲያ አልደገመውም። አገሩን ሁሉ የሚቆጣ ሰው ጋሼ ፊት ሲሆን ምላሱ ይተሳሰራል፤ በዚህ በዚህ አንጀቴ ሲያርር ኖሯል።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ። ጋሼ ከሥራ ገብቶ ጠመንጃውን እንደ ልማዱ ከበሩ ኋላ አስደግፎ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ነፋስ በሩን ገፋው፣ በሩ ጠመንጃውን ገፋው፣ ሲወድቅ መዶሻው የአልጋውን ብረት መታና ባረቀ። እርሳሶቹ አልጋው ላይ ከተኛችው ሕፃን፣ ከጋሼ የልጅ ልጅ፣ ራስጌ ያለውን ትራስ በትነው፣ ቁም ሣጥኑን በስተው፣ በቆርቆሮው ግድግዳ ወጡ። ሕፃኗን ጭረት አልነካትም። እኔና ባሌ እየሮጥን ስንደርስ ቤቱ ጥጥ በጥጥ ሆኗል። የጋሼ ሚስት፣ እትዬ የምንላት፣ ሕፃኗን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ጥጡን እየጠረገ «ተመስገን ነው፤ ጠመንጃ እኮ ነው፣ አንዳንዴ ይጮኻል» አለ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የተተኮሰውን ቀለህ አውጥቶ ጣለ፣ ሌላ ጥይት አጎረሰ፣ መዶሻውን እስከ ታች አወረደ፣ ጠመንጃውን እዚያው በሩ ኋላ መልሶ አቆመው።

በማግሥቱ ሱቁን ገና እንደ ከፈትን እትዬ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ያን ጠመንጃ ግደልልኝ» አለችው ባሌን።

«ማለት?»

«እንዳይተኩስ አድርገው። እሱ አይወቅ። ይያዘው፣ ይዙርበት፣ ሥራው አይቅርበት፤ ብቻ አይተኩስ። እምቢ ካልክ እኔንም ያቺን ሕፃንም ቀብረህ አልቅስ።»

ባሌ «እትዬ፣ ጋሼን እንዴት አድርጌ ነው የማታልለው?» ብሎ ተሟገታት። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ብድግ አድርጎ ያዛት። እኔ ከመኪናዬ ቀና ብዬ «ሌባ ቢመጣስ?» አልኩ። ቀድማ የመለሰችልኝ እሷ ናት። «በዚህ ሁሉ ዘመን ሌባ ላይ አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም» አለች። ባሌ እሷን ወንበር ላይ አስቀመጠና «ሌባ የሚሸሸው ጠመንጃ አይቶ ነው እንጂ ሰምቶ አይደለም» አለ። ልክ መሰለኝ። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ጋሼ በዓመት አንድ ጊዜ ጠመንጃውን ለጽዳትና ለዘይት ያመጣዋል። ባሌ ያን ጊዜ ጠብቆ ሁለቱን መርፌዎች አወጣና ጫፋቸውን በሞረድ አሳጥሮ ጥይቱ ጋ እንዳይደርሱ አድርጎ መለሳቸው። መዶሻው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ድምፁም ያው ነው፤ ጥይቱን ግን አይነካውም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የሞተ ጠመንጃ ሲያስነሣ የኖረ ነው፤ ደህናውን ሲገድል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሼ መጥቶ ሲወስደው «እጅህ ይባረክ» አለው። ባሌ ምሳውን ሳይነካው ዋለ።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ጠመንጃው ሁለቴ ወድቆ ሁለቴም ዝም አለ ብላ እትዬ ነገረችኝ። መንገድ ላይ ስታገኘን በዓይኗ ታመሰግነናለች። ባሌም እያደር ቀለል አለው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው» ይለኝ ጀመር። እኔም አንድ ነገር ሰላም ሲሆን የሚዘልቅ ይመስለኛል፣ ሞኝነቴ።

የእርሻው ሠራተኛ ደመወዙን ተቀብሎ የተበተነ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሰዎች መኪና ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። የውሃ መሳቢያ ሞተሮቹን ሊጭኑ ነው። ጋሼ አነጣጥሮ «ቁሙ» አላቸው። ቆሙ። ሁለቱ ሊመለሱ ነበር፤ አንደኛው ግን ደፈር ብሎ ተራመደ። ጋሼ እግሩን ሊመታው ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ቀጭ። ሰውዬው ሳቀ። በኋላ ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ ጋሼ ደጋግሞ ያነሣው ዱላውን ሳይሆን ያንን ሳቅ ነበር። ጠመንጃውን ከእጁ ቀምተው በገዛ ሰደፉ ወገቡንና ዳሌውን ሰባበሩት። ጠመንጃውን ደረቱ ላይ ጥለውለት፣ ሞተሮቹን ጭነው ሄዱ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ጋሼ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ባሌ አልጋው አጠገብ ቆመ። ጋሼ ፊቱን ሳያዞር «ጥይቶቹን አውጥቼ አየኋቸው፣ መርፌ አልነካቸውም። መርፌዎቹን ያሳጠርካቸው አንተ ነህ?» አለው። ባሌ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ «አርጅተው ተሰብረው ይሆናል» ቢለው ማን ያውቃል። «አዎ፣ ጋሼ» አለ። ጋሼ «ለምን?» እንኳ አላለውም። «ውጣ» አለው።

እትዬ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፣ የባሏን ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ። ዓይኗን ፈለግኩት። እሷ ጫማውን ታያለች። «እኔ ነኝ የለመንኩት» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ባሌ ኮፍያውን ከወንበሩ እስኪያነሣ ጠበቅኩ፣ በሩ ጋ እስኪደርስ ጠበቅኩ። አላለችም። እግዚአብሔር ይይላት።

መንገድ ላይ ደሜ ፈልቶ «ልመለስና ልንገረው» አልኩ። ባሌ ክንዴን ያዘኝ። «እሷ ለመነች፤ ሞረዱን የያዘው ግን የማን እጅ ነው?» አለ። «እሷ ባትለምንህ ትይዘው ነበር?» አልኩት። «ሴትዮ፣ የእኔና የጋሼ ነገር ፈርሷል። ይሄን ከሰማ ደግሞ ያባርራታል፣ የራሱን ቤት ያፈርሰዋል። በእኔ ሞት፣ አትናገሪ» አለኝ። በሞቱ ካስማለኝ በኋላ ምን እላለሁ። ዋጥኩት። ጋሼም ቢሆን ለፖሊስ «ያረጀ ጠመንጃ ነው፣ ከዳኝ» ብሎ ወንድሙን ከእስር አስጥሎታል። ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሰጠውም።

ወሬ እግር አለው፤ ዘበኞቹ አወቁ። እነዚያ «ክፈተው» ሲላቸው የሳቁበት ሁሉ አሁን ሌላ ሳቅ አገኙ። አንዱ ጠመንጃውን ሊወስድ ሲመጣ «መርፌዎቼን ልቁጠራቸው እንዴ?» ይላል። ሌላው ከነጭራሹ አይመጣም። የባረቀባቸው ሰዎች፣ ጣታቸው የተቆረጠ፣ የጎረቤት በሬ የገደሉ፣ እነሱ ሁሉ ጨዋ ሆኑና ባሌ ወንድሙን ያስበላ ተባለ። ከጠመንጃ ይልቅ የተሰበረ መጥረቢያና የተበላሸ ቁልፍ ይጠግን ጀመር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ስንት ሕፃን በእሱ ንዝንዝ ከሞት ተርፎ ይሆናል፣ የተረፈ ሰው ግን አይቆጠርም። ማንም «አንተ ስለነዘነዝከኝ ሳይባርቅብኝ ቀረ» ብሎ ሊያመሰግን አይመጣም።

ጋሼ ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም። ባሌ የሁለት ብስክሌት ጎማ ፈልጎ፣ ቧንቧ ቆርጦ በይዶ፣ የሚገፋ ወንበር ሠራለት። በእትዬ እጅ ላከውና «ከሐኪም ቤት ተሰጠህ በይው» አላት። ተሸክማ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየሄደ አጥሩ ጋ ይቆማል። ጋሼ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ካየው ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባሌ ጥቂት ቆሞ ይመለሳል። ስንት እሑድ እንደሄደ አልቆጠርኩም፤ ዝናብም አያስቀረውም ነበር። «ክብር የለህም?» ብዬ ጮኼበታለሁ። «ዛሬ ቶሎ አላዞረውም» ይለኛል፣ እንደ ምሥራች።

በመጨረሻ የባሌ ሳንባ ታመመ። ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን የተነፈሰው የብረት ብናኝ ነው አለ። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ንግግሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ የበሩ ማጠፊያ በጮኸ ቁጥር «ጋሼ ነው?» ይላል። ጎሚስታው ሲገባ «ጋሼ ነው?»፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስትገባ «ጋሼ ነው?»። እኔ መሐላ አክብሬ መቀበር እችላለሁ፣ ይሄን እየሰማሁ መቀመጥ ግን አልችልም። ነጠላዬን አንሥቼ ሄድኩ።

እትዬ ገበያ ወጥታ ኖሮ ጋሼ ብቻውን በዚያ ወንበር ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ግድግዳ ሳይዞርብኝ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ወንድምህ እየሞተ ነው። አንድ ጊዜ ናለት። ጎሚስታው በመኪና ይወስድሃል» አልኩት።

ወንበሩን ሊያዞር እጁን ወደ ጎማው ሰደደ።

«እንግዲያውስ ስማኝ። ያን ጠመንጃ እንዲገድለው ሱቃችን ድረስ መጥታ የለመነችው እትዬ ናት። እግሩ ሥር ልትወድቅ ነበር። ቤትህ እንዳይፈርስ ብሎ በሞቱ አስምሎኝ ነው እስከ ዛሬ አፌን የዘጋሁት።»

«ዐውቃለሁ» አለ።

የሰማኝ አልመሰለኝም። «ምኑን ነው የምታውቀው?» አልኩት።

«እሷ እንደለመነችው። ሐኪም ቤት ጫማዬን አቅፋ ስትቆም ነው ያወቅኩት። ፊቷን አላውቅም? ስንት ዘመን ሚስቴ ነች።» የወንበሩን ቧንቧ በእጁ ዳሰሰ። «ይቺንም የበየዳት ማን እንደሆነ ዐውቃለሁ። የሐኪም ቤት ወንበር እንዲህ ያለ ብየዳ የለውም።»

አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ እሱን ለምን?» አልኩት።

«ማን ነው የሚያነሣኝ?» አለ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። «ማን ነው ሽንት ቤት የሚወስደኝ? እሷን ጠልቼ በነጋታው እጠቢኝ ልበላት? ያ ሰውዬ ስቆብኝ ሄዷል፤ አንድ ሰው ሳልጠላ ማደር አልቻልኩም። ወንድሜ እግር አለው፣ ቤቱም ሌላ ነው። እሱ ይችለዋል አልኩ።»

«አልቻለውም» አልኩት። «አሁን ና።»

«መጥቼ ምን ልበለው? ዐውቄ ነው የጠላሁህ ልበለው?» አለና ወንበሩን አዞረ።

እየተጣደፍኩ ተመለስኩ። የበሩ ማጠፊያ ሲጮኽ «ጋሼ ነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ፊቴን አይቶ ደነገጠ፤ የት እንደነበርኩ ገብቶታል። ሊነሣ እየሞከረ «ነገርሽው እንዴ?» አለኝ።

«አልነገርኩትም» አልኩ።

ትንፋሹ ተመለሰለት፣ ወደ ትራሱም ተደገፈ። «ጎሽ» አለኝ። «እንኳን አላወቀ። ቢያውቅ እኮ እሷን ይጠላት ነበር፣ የጋሼ ቤት ይፈርስ ነበር።»

ብርድ ልብሱን ሳብ አደረግኩለትና «አዎ፣ ይፈርስ ነበር» አልኩት።